መቼ ይዘጋ? ስለማያልቅ ድራማና ስለማይዘልቅ መጽሐፍ

ቢስሚላሂ አር-ራሕማኒ አር-ራሒም



በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ቀላል ይመስላል። ሆኖም ከእያንዳንዱ ቤት ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው። ይኸውም አንድ ሰው የጀመረውን የቴሌቪዥን ድራማ ወይም መጽሐፍ ሳይወደው፣ ሳይጠቀምበትም እስከ መጨረሻው ይዞት ሊሄድ ይገባዋልን? ወይስ የሚያቆምበት ልክ አለው? አስተማሪ በመሆኔ ይህን ጥያቄ ከወጣቶች ዘወትር እሰማዋለሁ። ጠያቂዎቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ድራማው ከሰለቸው ሁለት ወር ሆኖት እንኳ በየማታው ከፊቱ የሚቀመጥ ነው። ሌላው የያዘውን መጽሐፍ ሁሉ ሃያኛው ገጽ ሳይደርስ «ደበረኝ» ብሎ የሚጥል ነው። የሚያስገርመው፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ልጅ መሆናቸው ነው። ድራማውን መተው ያቅተዋል፤ መጽሐፉን መያዝ ያቅተዋል።

እስቲ አስቀድመን ሒሳቡን እንሥራ። በሙስሊም ወጣቶች ዘንድ በእጅጉ የተወደደው የቱርኩ «ኤርቱግሩል» እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2019 በአምስት ምዕራፍ የተላለፈ ሲሆን፣ በአገሩ 150 ክፍል ነበረው። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። እንግዲህ ጠቅላላው ወደ 300 ሰዓት ይጠጋል ማለት ነው። በቀን አንድ ሰዓት የሚያይ ሰው አሥር ወር ይፈጅበታል። በሌላ በኩል፣ ብዙዎቻችን የምንቀራበት የመዲና ሙስሐፍ 604 ገጽ ነው። አንዱን ገጽ በሦስት ደቂቃ ረጋ ብሎ ለሚቀራ ሰው አንድ ኸትም 30 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ አንዱ ድራማ ከአሥር ኸትም ጋር ይስተካከላል።

ይህን ያልኩት ድራማውን ለማውገዝ አይደለም። ከእርሱ ታሪክ የመመርመር ፍላጎት ያደረባቸው ልጆች አሉ። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ልቡ የወጣለት ልጅ የቀረውን ከመቶ በላይ ሰዓት ለምን ይሰጣል? «ይዘቱ ሐላል ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጤንነትና ትርፍ ጊዜ ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ጸጋዎች መሆናቸውን እንዳስተማሩን እናውቃለን። ኪሳራ የሚመጣውም በሐራም ብቻ አይደለም። ነጋዴ ሐላል ዕቃ ገዝቶም ይከስራል።

ጥንት ይህ ጥያቄ እንዲህ አልከበደም ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ በኋላ ለብዙ ዓመታት አገሩ የሚያየው አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር። እንደ «ሰው ለሰው» ያለው ተከታታይ ድራማ እንኳ በሳምንት አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል። ሳምንቱ ራሱ ልጓም ነበር። ከዚያ ዲሹ ገባ። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭቱን የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን ወደ አማርኛ መልሶ በየቀኑ ያቀርብ ጀመር። በቱርክ በሳምንት አንድ ጊዜ ይታይ የነበረው «ኩዚ ጉኒ» ዕለታዊ እንግዳ ሆኖ ወደ ሳሎናችን ገባ። ዛሬ ደግሞ ስልክና ፍላሽ አለ። አንዱ ክፍል ሲያልቅ ሌላው ሳይጠራ ይመጣል። ስለዚህ ያኔ ጣቢያው ይሠራልን የነበረውን የማቆም ሥራ ዛሬ ራሳችን ልንሠራው ግድ ሆኗል።

ታዲያ የሰለቸንን ነገር ለምን አንተውም? ምክንያቱ ሦስት ይመስለኛል።

አንደኛው የከፈልነው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 አርክስና ብሉመር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አሳተሙ። በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ የዓመት የቲያትር ትኬት ሊገዙ ከመጡ 60 ሰዎች፣ ለከፊሎቹ ሙሉ ዋጋውን 15 ዶላር አስከፈሏቸው፤ ለሌሎቹ ያልጠበቁትን ቅናሽ አደረጉላቸው። ቲያትሮቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ወንበሩም አንድ ነው። ነገር ግን በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሙሉ ዋጋ የከፈሉት ከሌሎቹ ይልቅ ደጋግመው ሄዱ። ቲያትሩን የሚመርጥላቸው ከኪሳቸው የወጣው ገንዘብ ሆነ ማለት ነው። እኛም «ሰማንያ ክፍል አይቼ እንዴት አሁን እተወዋለሁ?» ስንል እንዲሁ ነን። ያለፈው ሰማንያ ብናቆምም ብንቀጥልም አይመለስም። በእጃችን ያለው የነገው ማታ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የድራማው አሠራር ነው። እያንዳንዱ ክፍል የሚያበቃው ሽጉጡ ሲደገን፣ በሩ ሲንኳኳ ወይም ምሥጢሩ ሊወጣ ሲል ነው። ያ ጉጉት ግን ከፍቅር የተለየ ነገር ነው። ሰው መንገድ ላይ ጠብ ሲያይ ቆሞ ማየቱ ጠቡን ወዶት አይደለም።

ሦስተኛው ጓደኛ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ያያል፤ በማግስቱ በትምህርት ቤት የሚወራው እርሱ ነው። ይህኛው የሚናቅ አይደለም። አንዲት እናት ቀኑን ሙሉ ከልጆቿ ጋር የምትቀመጥበት ሰዓት ያ ብቻ ከሆነ፣ እርሷ የያዘችው ድራማውን ሳይሆን ልጆቿን ነው። እንዲህ ባለው ቤት ቴሌቪዥኑን ከመዝጋት አስቀድሞ በምትኩ አብረው የሚቀመጡበትን ነገር ማዘጋጀት ይገባል።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ምክንያቱም መሰልቸት ሁለት ዓይነት ነው፤ የባዶነት መሰልቸትና የክብደት መሰልቸት። ባዶ ነገር የሚሰለቸን የሚሰጠን ስለሌለው ነው። ከባድ ነገር የሚሰለቸን ግን የሚሰጠንን ለመቀበል ገና ስላልደረስን ነው። ሁለቱም በአፍ «ደበረኝ» ይባላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

የአገራችን የኪታብ ቤቶች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ነሕው የሚቀራ ደረሳ ጥቂት ገጽ ከሆነችው አጅሩሚያ ይጀምራል እንጂ አንድ ሺህ ያህል ስንኝ ባለው በኢብን ማሊክ አልፊያ አይጀምርም። ከብዶት የተቸገረውን ደረሳ ሸኹ «አንተ አትረባም» ብሎ አያባርረውም፤ ወደ አጭሩ ኪታብ ይመልሰዋል፤ ሲደርስ እንደገና ያወጣዋል። ደረሳውም አንዱን ኪታብ በሚገባ የሚያስቀራ ዓሊም ፍለጋ ከአገር አገር ይሄዳል። ይህ የመተው ሌላ መልክ ነው። ለጊዜው ማስቀመጥ፣ ዝቅ ካለው መጀመር፣ አስረጂ መፈለግ።

በእኛ በቁሓ ያለ ተማሪ ደግሞ የራሱ ሸክም አለበት። በቤቱ ትግርኛ ይናገራል፤ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት ይማራል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ መጻሕፍቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆናሉ፤ መድረሳ ሲሄድ ዐረብኛ ይጠብቀዋል። አራት ቋንቋ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ አንድ መጽሐፍ ሲጥል ጥፋቱ የመጽሐፉ ወይስ የቋንቋው መሆኑን መጠየቅ አለብን። በዚህ ላይ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ የተዘጋው ትምህርት ቤት፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር እንደተዘጋ ቀረ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈርሞ፣ ትምህርት የተመለሰው በዚያው ዓመት አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ያልገለጠ ልጅ ሲመለስ፣ አሥር ገጽ ተራራ ቢሆንበት ስንፍና ነውን? እንዲህ ያለው ልጅ «ደበረኝ» ሲል «ከበደኝ» እያለ መሆኑን ወላጅም አስተማሪም ሊረዳው ይገባል። እርሱ መጽሐፉን ሲተው የሚተወው አንድ መጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ራሱንም ነው። «እኔ ለትምህርት አልሆንም» ብሎ ይደመድማልና። ስለዚህ የመማሪያ መጽሐፍ ላይ የመተው ነገር አይነሳም። የሚነሳው በምን መልኩ፣ ከየት ጀምሮ፣ ከማን ጋር የሚለው ነው። በቀን ሁለት ገጽ ከጓደኛ ጋር መያዝ፣ በሳምንት አንድ ቀን አርባ ገጽ ከመሞከር ይበልጣል። ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተር ሥራ በአላህ ዘንድ የተወደደ መሆኑን ተምረናል።

በፍላጎት ለሚነበብ መጽሐፍ ግን ልክ ማበጀት ይቻላል። ናንሲ ፐርል የተባሉ አሜሪካዊት የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚታወቁበት አንድ ደንብ አላቸው። ዕድሜህ ከ50 በታች ከሆነ ለመጽሐፉ 50 ገጽ ስጠው። ከ50 ካለፈ ግን ዕድሜህን ከ100 ቀንስና የቀረውን ያህል ገጽ ብቻ ስጠው። ሰባ ዓመት የሞላቸው አባት 30 ገጽ ብቻ ዕዳ አለባቸው ማለት ነው። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ለማይረባ መጽሐፍ የሚሰጠው ጊዜ ይቀንሳል። ቁም ነገር ያለው ቀልድ ነው።

ይሁንና ደንቡ ለሁሉም መጽሐፍ አይሠራም። ለምሳሌ በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህና የሰብለ ታሪክ ከመድረሱ በፊት የበዛብህን ወላጆች ኑሮ በዝግታ ይተርካል። አንዳንድ ወጣት እዚያው ላይ ያቆማል። ይኸው መጽሐፍ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬድዮ ሲተረክ ግን ማንበብ የማይችለው እንኳ ሳይቀር በጉጉት አዳመጠው። ስለዚህ የታወቀ መጽሐፍ ሲከብድህ፣ ከመተውህ በፊት መንገዱን ለውጠህ ሞክር። ድምፁን ብላ አንብበው፣ በትረካ ስማው፣ ወይም የጨረሰውን ሰው ጠይቅ።

ልክ ማበጀት ስንል፣ ልኩ መቀመጥ ያለበት ከመጀመራችን በፊት ነው። በሱረቱል ከህፍ የነቢዩ ሙሳን (ዐ.ሰ.) እና የኸድርን ጉዞ እናስታውስ። ሙሳ (ዐ.ሰ.) ሁለተኛውን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ከደገሙት ጉዞው እንዲያበቃ ድንበሩን ራሳቸው አስቀመጡ። ሦስተኛው ሲመጣ ያለ ጠብና ያለ ቂም ተለያዩ። ከመለያየታቸው በፊትም የእያንዳንዱ ነገር ትርጉም ተነገረ። መለያየት ሁልጊዜ ውድቀት አይደለም፤ ድንበሩ የታወቀ ከሆነ መልካም ፍጻሜ ይሆናል።

ከዚህ በመነሳት ለቤተሰብ የሚሆኑ ጥቂት ነጥቦችን ላስቀምጥ።

1. አዲስ ድራማ ሲጀመር «ሦስት ክፍል አይተን እንወስናለን» ተባባሉ። ከሦስተኛው በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ ተጠያየቁ።

2. የቆየ ድራማ ከሆነ ልጆቹን «ባለፈው ሳምንት ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም በቅጡ ማስታወስ ካቃተው ድራማው ራሱን በራሱ አሰናብቷል።

3. በመግሪብና በዒሻ መካከል ያለውን ሰዓት ለማንኛውም ድራማ አትስጡ። ሰላትን እያዘገየ የሚታይ ነገር፣ ይሰልች አይሰልች ሳይባል መቆም አለበት።

4. ሪሞቱን ከልጅ እጅ ነጥቆ ማጥፋት ድራማውን ያጣፍጠዋል እንጂ አያስተወውም። ልጁ ራሱ እንዲወስን አድርጉት፤ የመወሰንን ልምድ ያተርፋል።

5. የተዋችሁትን መጽሐፍ ለሚጠቀምበት ስጡት። የተዋሳችሁት ከሆነ አማና ነውና መልሱ። መመለስ ካሰባችሁበት ደግሞ የደረሳችሁበትን ገጽ ጻፉና አስቀምጡት።

6. አንዱን ስትተዉ ሌላውን አዘጋጁ። ባዶ የተተወ ሰዓት ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ውድ አንባብያን፣ በቁሓና በአካባቢዋ በዐረብኛ የተቀረጹ ጥንታዊ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ከ10ኛው እስከ 12ኛው መቶ ዓመት ገደማ በዚህ ምድር የኖሩ ሙስሊሞች ናቸው። ማደሌን ሽናይደር የተባሉ የዐረብኛ ጽሑፍ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ድንጋዮቹ ጥናት አሳትመዋል። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ የሚነበበው ጥቂት ነገር ነው፤ የሟቹ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የቁርኣን አንቀጽና ያለፈበት ቀን። በመካከል ያለው ዕድሜ በምን እንዳለፈ ድንጋዩ አይናገርም። ያ የሚጠየቀው በሌላ ቦታ፣ ባለቤቱ ራሱ ነው። ዛሬ ማታ ሪሞቱን ስናነሳ ወይም መጽሐፉን ስናስቀምጥ፣ ይህቺ ሰዓት ከዚያ ከማይጻፈው ዕድሜ የተቆረሰች መሆኗን ብናስብ፣ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚገለጥ መወሰኑ ብዙ አያስቸግረንም።

አላህ (ሱ.ወ.) በጊዜያችን በረካ ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።