የከሰል እሳት ሒሳብ

ባለ ንብረት ሰው ገቢውንና ወጪውን በመዝገብ እንደሚጽፍ ሁሉ፥ እሳትም የራሱ መዝገብ አለው። ለማገዶና ለከሰል በየወሩ ብዙ ብር ሲወጣ፥ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ለድስቱ እንደ ደረሰና ስንቱ እንደ ባከነ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። የሚባክነው ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ለሌላ ጊዜ ባቆየነው ነበር። ነገር ግን የባከነው ክፍል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰውን ከእንቅልፉ ሳያነቃ የሚገድል ስለ ሆነ፥ ዛሬ ሒሳቡን ከነምክንያቱ ለማስረዳት እንወዳለን።

ምሳሌያችንን ከመተማ ቆላ እንወስዳለን። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. የወደቁባት፥ በሱዳን ድንበር ላይ ያለችው መተማ፥ በሰሊጧ፥ በጥጧና በዕጣን ዛፏ የታወቀች አገር ናት። በበጋ ሙቀቱ ሲበረታ በርን ዘግቶ መተኛት አይታሰብም። ክረምት ሲገባ ግን ዝናቡና የወባ ትንኙ በርና መስኮት ያዘጋሉ፤ ቡና የተፈላበትና ዕጣን የተጨሰበት የከሰል ምድጃም ከሰው ጋራ ከውስጥ ሊቀር ይችላል።

ከሰል የሚገኘው እንጨት ተከምሮ፥ በዐፈር ተሸፍኖ፥ አየር በጥቂቱ ብቻ እየገባው ሲከስል ነው። በዚህ ጊዜ ውሃውና ጢሱ ይወጣና የሚቀረው አብዛኛው ክፍል ሊቃውንት ካርቦን የሚሉት ነገር ነው። ከሰሉ በምድጃ ላይ ሲነድ ካርቦኑ በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋራ ይጣመራል። አሮጌውን ማሰሪያ መፍታት ሙቀት ይበላል፤ አዲሱን ማሰር ደግሞ ሙቀት ይሰጣል። የሚሰጠው ከሚበላው የበለጠ እንደ ሆነ ትርፉ እሳት ሆኖ ይሞቀናል፤ ያነሰ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ሙቀት ከውጭ ይፈልጋል። ክብሪትና ጭራሮ ማስፈለጋቸውም የመጀመሪያውን ወጪ ለመክፈል ነው።

እንግዲህ ወደ ቍጥሩ እንግባ። የሙቀት መለኪያው ኪሎ ጁል ይባላል። አንድ ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል። ስለዚህ 30 ዲግሪ የሆነውን የቆላ ውሃ ወደ 95 ዲግሪ ለማድረስ፥ ልዩነቱ 65 ነውና፥ 65 ጊዜ 4.2 ያልን እንደ ሆነ 273 ኪሎ ጁል ይሆናል።

12 ግራም ንጹሕ ካርቦን አየር ጠግቦ ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ የሚሰጠውም ሙቀት 394 ኪሎ ጁል ነው። ሙቀቱ ሁሉ ወደ ውሃው ቢገባ፥ ሊትሩን አሙቆ 121 ይተርፈዋል። በእውነተኛው ምድጃ ግን ብዙው በጎን ስለሚባክን ከሰሉ ከዚህ ይልቅ መብዛት አለበት። አየር ያነሰው እንደ ሆነ ደግሞ ያው 12 ግራም ካርቦን ሞኖክሳይድ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ሙቀቱም 111 ኪሎ ጁል ነው። 111ን ለ4.2 ብናካፍለው 26 ያህል ስለሚሆን፥ ውሃው ከ30 ዲግሪ ተነሥቶ 56 ላይ ይቆማል፤ በዚህም ቡና አይፈላም።

የቀረው 283 ወዴት ሄደ? በጄኔቭ ተወልደው በሩሲያ ያስተማሩት ሊቅ ዤርሜን ሄስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. መልሱን የያዘውን ሕግ ገለጡ። ሕጉም አንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ የሙቀቱ ድምር አንድ ነው የሚል ነው። ከመተማ ወደ ጎንደር የሚወጣ መንገደኛ በቀጥታ ቢሄድም በቋራ ቢዞርም፥ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት እንደማይለወጥ ማለት ነው። እንግዲያው ከ394 ላይ 111 ስንቀንስ የቀረው 283 አልጠፋም፤ በካርቦን ሞኖክሳይዱ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። በከሰል ምድጃ ላይ አንዳንድ ጊዜ የሚታየው ሰማያዊ ነበልባል ይኸው ጋዝ ሲነድና ዕዳውን ሲከፍል ነው።

ሙቀት የሚበላ ነገርም በዚሁ ሕግ ይቈጠራል። ለጎንደር ግንቦች ሥራ የዋለውን ኖራ እንመልከት። 100 ግራም ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ተቃጥሎ 56 ግራም ኖራ ለመሆን 178 ኪሎ ጁል ይበላል። ኖራው ውሃ ሲፈስበት እየፈላ 65 ይመልሳል፤ በግንቡ ላይ ሆኖ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ እንደ ገና ድንጋይ ሲሆን ደግሞ ቀስ በቀስ 113 ይመልሳል። 65ና 113 ሲደመሩ 178 ናቸው፤ መዝገቡ ሳይጎድል ተዘጋ።

ስለ ከሰሉ ግን ሒሳቡ ከኪስ አልፎ ሕይወትን ይነካል። በተቈለለ ከሰል ውስጥ ከታች የተሠራው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጋለው ፍም መካከል ሲያልፍ ብዙው ወደ ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ ከላይም ነበልባል ካላገኘው ሳይነድ ወደ ቤቱ ይገባል። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ይህን ጋዝ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ አየር ያጣል፤ ራሱን ያመዋል፥ ያቅለሸልሸዋል፥ ጕልበቱ ይከዳዋል፥ ከዚያም ያንቀላፋል። ጢሱ አልቆ ፍሙ ቀልቶአልና ከእንግዲህ አይጎዳም የሚለው አሳብ ስሕተት ነው፤ ጢስ የሌለውም ፍም ይህን ጋዝ ያወጣል።

ስለዚህ የቤት አባወራዎችና እመቤቶች ይህን ልብ እንዲሉ እንለምናለን። ከሰል ከደጅ ይቀጣጠል፤ ቡና በሚፈላበት ጊዜ በርና መስኮት ይከፈት፤ ምድጃው ሰው በሚተኛበት ክፍል ፈጽሞ አይደር። ትንኙን አጎበር ይከልክለው እንጂ የተዘጋ በር ከምድጃ ጋራ አይሁን። ከሰሉ ሲነድ የብዙ ሰው ራስ በአንድ ጊዜ የታመመ እንደ ሆነ፥ ሁሉም ፈጥነው ወደ ደጅ ይውጡ፤ ራሱን የሳተውንም ወደ ነፋስ አውጥቶ ያለ መዘግየት ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል።

አየር በነጻ የሚገኝ ማገዶ ነው። እርሱን ከምድጃው የከለከለ ቤት ከብሩ ይከስራል፤ ከሰውም የከለከለው እንደ ሆነ ኪሳራው በብር አይተካም።