እስከ ፏፏቴው አፍ ድረስ አስፋልት?

የመስቀል ሰሞን ነው። አዲስ አበባ ያለ ጉራጌ ነቅሎ ወደ አገሩ ሲገባ እኔም ወዳጄን ተከትዬ በወልቂጤ በኩል ወደ ደጋው ወጣሁ። ክትፎው ሆዳችን ላይ ሲከብድ «ተነሱ፣ ፏፏቴ እንይ» ተባለ። ከመንደሩ ጀፎረ ተነስተን፣ የእንሰት ጓሮ አልፈን፣ ጥድና ዝግባ በተረፈበት ጫካ ውስጥ ለውስጥ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተጓዝን። አቀበቱ የሚገድል አይደለም፤ ቢሮ የለመደ ጉልበት ግን ሳይሰማው አይቀርም። ድምፁ ከመልኩ ቀድሞ ደረሰን። ዛፎቹ ገለል ሲሉ ውሃው ከዚያ ሁሉ ከፍታ ራሱን ሲወረውር አየነው። ለጥቂት ደቂቃ ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ዝምታውን የሰበረው አብሮን የመጣ ባለሀብት ነው። «ይሄ ቦታ እኮ የተረሳው መንገድ ስለሌለው ነው! ጫካውን ሰንጥቆ አስፋልት ቢገባ፣ እዚህ ጋ መኪና ማቆሚያ፣ እዚያ ጋ ሎጅ...» ሁሉም «እውነት ነው» አለ። እኔ አላልኩም፤ ያኔ ያልመለስኩትን ዛሬ ልመልስ።

በርግጥ ለጉራጌ የመንገድን ጥቅም መስበክ ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተወላጆቹ አዲስ አበባ ላይ ተሰባስበው፣ ከኪሳቸው አዋጥተው፣ የመንገድ ሥራ ድርጅት ያቋቋሙ ሰዎች ናቸው። ነፍሰ ጡር በቃሬዛ ለምትወርድበት፣ ምርቱ ገበያ ሳይደርስ ለሚበሰብስበት መንደር መንገድ ይሠራ፤ ነገ ሳይሆን ዛሬ። ፏፏቴ ግን ምጥ አይይዘውም፤ ገበያም አይወጣም።

ደግሞስ መንገድ ማለት የመኪና ማሳለፊያ ብቻ ነው ያለው ማነው? ጀፎረን እዩት። ሰፊ ነው፣ ሣር ለብሷል፣ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ሆነው ይተያዩበታል። ከብት ይግጥበታል፣ ልጅ ይቦርቅበታል፣ ለቅሶው ይቆምበታል። አጥሩን ገፍቶ የሚሻማ ሰው በባህሉ ዳኝነት ይጠየቅበታል። አባቶቻችን መንገድ ሲያወጡ ሣሩን አልገደሉትም። እኛ የተማርነው ነን እንግዲህ ጥዱን ካልጣልን መንገድ የወጣ የማይመስለን።

ከሁሉ የሚብሰው የውሃው ነገር ነው። ፏፏቴ ገደሉ አፍ ላይ አይጀምርም። ዝናቡን ተቀብሎ ወደ መሬት የሚያሰርገው፣ በበጋ ቀስ እያለ የሚለቀው ከበላይ ያለው ደንና ሣር ነው። ያ ሲራቆት ክረምት ላይ ጎርፍ፣ በጋ ላይ ደረቅ ቋጥኝ ይተርፈናል። ከጉራጌ ተራሮች ዋቤ ወደ ግቤ፣ መቂ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳሉ፤ እዚህ የተቦረቦረ አፈር እዚያ ደለል ይሆናል። ጢስ ዓባይንም እናስታውስ። እስከ 45 ሜትር የሚወርደው ያ ግርማ፣ ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ በ1993 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ውሃው ወደ ተርባይን እየዞረ፣ ስንቱ ጎብኚ ቀጭን ፈትል አይቶ ተመልሷል። መብራት አያስፈልግም አላልኩም። ግን ልብ በሉ፦ ጢስ ዓባይ መኪና የሚያስገባ መንገድ ነበረው፤ ያጣው ውሃ ነው።

«ታዲያ ወጣቱ ምን ይብላ?» ትሉኝ ይሆናል። በመኪና የመጣ ሰው ፎቶውን አንስቶ፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱን ጥሎ፣ በሃያ ደቂቃ ይመለሳል። በእግሩ የሚሄድ ግን መሪ ይቀጥራል፣ ቡና ይጠጣል፣ ቆጮ በአይብ ይበላል፤ ጉልበቱ ያልቻለም ፈረስ ይከራያል። ሩቅ መሄድ አያሻም። በወሊሶና በአምቦ መካከል ያለው የወንጪ ገበሬ ተደራጅቶ ፈረስ ሲያከራይ፣ እንግዳ ሲመራ ኖሯል። በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ሲያሰልፋት፣ ከመኪና ማቆሚያዋ ስፋት የተነሳ አይመስለኝም።

የእኔ ሐሳብ አጭር ነው። አስፋልቱ መንደሩ ጫፍ ላይ ይቁም። ከዚያ ወዲያ እግርና ፈረስ። የሚዋጣው ገንዘብም ለጥድና ለዝግባ ችግኝ፣ ለእግር መንገዱ መጠገኛ ይዋል።

ማምሻውን ወልቂጤ ገብተን ቡና ስንጠጣ፣ ያ ባለሀብት ለአስተናጋጇ የዋለበትን ሲተርክላት ሰማሁት። ስለ ፏፏቴው ሁለት ቃል ተናገረ። ስለ ጉሬዛው ዝላይ፣ ጭቃው ላይ እንዴት እንደተንሸራተተ፣ የጥዱ ሽታ ልጅነቱን እንዴት እንዳመጣበት ግን ሁለት ስኒ ሙሉ አወራ።

ጋሼ፣ አስፋልቱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምን ያወሩላት ነበር?