ዓይን በዓይን ግምት ብቻ አይለካ

እስኪ አስቡት። ለትኩሳት ቴርሞሜትር አለ። ግፊትም ስኳርም በቁጥር ይነገረናል። ዩቪያይተስ የሚባለው የዓይን ውስጥ ብግነት ግን እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚለካው በሐኪሙ ዓይን ነው።

ሐኪሙ በስሊት ላምፕ 1 ሚሊ ሜትር በ1 ሚሊ ሜትር የሆነች ብርሃን ወደ ዓይናችን የፊት ክፍል ይልክና በፈሳሹ ውስጥ የሚንሳፈፉትን ሕዋሳት ይቆጥራል። በ2005 እ.ኤ.አ. በወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ ከ16 እስከ 25 ከሆኑ 2 ፕላስ፣ ከ26 እስከ 50 ከሆኑ 3 ፕላስ ይባላል። እንግዲህ ሕዋሳቱ ከ50 ወደ 26 ቢወርዱ ቁጥራቸው በግማሽ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው፤ ካርዱ ላይ ግን ያው 3 ፕላስ! ከ26 ወደ 25 ሲወርዱ ደግሞ ደረጃው ይቀየራል።

እኛ መምህራን ይሄ ይገባናል። አንድ ድርሰት ሁለት መምህር ሲያርመው አንዱ 7 ሌላው 5 ይሰጣል። ማንም አላዳላም፤ ግምት ስለሆነ ነው።

እዚህ ጋ ግን የሚጠፋው ማርክ ሳይሆን ብርሃን ነው። የስቴሮይድ ጠብታ ያለጊዜው ከተቋረጠ ብግነቱ ያገረሻል። ሳያስፈልግ ከቀጠለ ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ የዓይን ሞራና ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል። መቼ ይቀነስ የሚለው ውሳኔ ትክክለኛ ልኬት ይፈልጋል።

መሣሪያው ደግሞ አለ። በመስኮት በገባ የፀሐይ ጨረር አቧራ ሲታይ አይታችሁ የለ? ቲንዳል ኢፌክት ብለን የምናስተምረው ነው። ሌዘር ፍሌር ፎቶሜትር በዚሁ መርህ ከብግነቱ የተነሳ ወደ ፈሳሹ የገባው ፕሮቲን የሚበትነውን ብርሃን ይለካል። ኦሲቲ የሚባለው ደግሞ ዓይንን ሳይነካ በብርሃን ምስል ያነሳል፤ ሕዋሳቱ እንደ ነጠብጣብ ይታያሉ፣ ኮምፒውተር ይቆጥራቸዋል። የሬቲናን እብጠትም በማይክሮን ይናገራል።

“ማሽን ሐኪምን ሊተካ ነው?” የሚል አይጠፋም። በፍጹም! ኦሲቲ የትኛው ነጭ የደም ሕዋስ፣ የትኛው የቀለም ቅንጣት እንደሆነ በቀላሉ አይለይም። ቴርሞሜትርም ሐኪም አልተካም፤ ሐኪሙን አገዘው እንጂ። ዋጋው ውድ መሆኑም እውነት ነው። ግን ኦሲቲ ባለበት ሁሉ ቢያንስ የሬቲናው ውፍረት በየቀጠሮው ተመዝግቦ ይነጻጸር ባይ ነኝ።

እኛም “ተሽሎሃል” ሲሉን “ከስንት ወደ ስንት?” ብለን በትሕትና እንጠይቅ። ደግሞ እባካችሁ፣ የስቴሮይድ ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ እየገዛችሁ አትጨምሩ። በራስ ግምትም አታቋርጡ። ዓይን መለዋወጫ የለውም!