የአክሲዮኑን መውረድ ለወገዳ ሰው ማን ይነግረዋል?

ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት በፊት ገና በምሥረታ ላይ ከነበረ ኩባንያ አክሲዮን የገዛ የደቡብ ጎንደር ሰው፣ የጋይንት፣ የስማዳ ወይም የእስቴ፣ አክሲዮንህ ዛሬ ስንት ያወጣል ቢባል ምን ይመልሳል? ወረቀቱን አውጥቶ የተጻፈበትን ያነባል። አንድ ሺህ ብር ይላል። ያ ግን የገዛበት ዋጋ ነው። የሚሸጥበትን ማን ነግሮት ያውቃል?

ኒውዮርክ ያለ ባለአክሲዮን ጠዋት ስልኩን ከፍቶ ድርሻው ከትናንት መውረዱን ያያል። ከፈለገ በዕለቱ ሸጦ ይወጣል፤ አምንበታለሁ ካለም ጨክኖ ይይዛል። በእኛ አገር በንጉሡ ዘመን ተጀምሮ የነበረው የአክሲዮን ግብይት ከ1966ቱ አብዮት ጋር ከተቋረጠ በኋላ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ፣ ገዳ ባንክም ተከተለ። በመካከሉ ባለፈው ግማሽ ምዕት ዓመት «የአክሲዮን ዋጋ አይወርድም» ሲባል ኖሯል። መውረዱ የሚታይበት ገበያ ሳይኖር እንዴት ይታወቃል?

ላይ ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ በሬ ይዞ ገበያ የወጣ ገበሬ ዋጋ መውረዱን ለማወቅ የማንንም ሪፖርት አይጠብቅም። ሦስት ነጋዴ መጥቶ ሦስቱም ካሰበው በታች ከጠሩ ነገሩ ይገባዋል። ይሸጣል፣ ወይም እየነዳ ቤቱ ይመለሳል። ያው ገበሬ ገንዘቡን ኩባንያ ላይ ሲያውል ይህን መብቱን ለምን ያጣል?

አክሲዮኑ ደግሞ ማንም ሳይሸጠው ወርዷል። በ2013 ዓ.ም. አጋማሽ አንድ ዶላር በ40 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር፤ 10 ሺህ ብር 250 ዶላር ያህል ነበር ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላሩ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፣ ኋላም ከ130 በላይ ወጣ። ያ 10 ሺህ ብር አሁን 80 ዶላር አይሞላም። ስማዳ ውስጥ ዶላር የሚቆጥር ማን አለ የሚል ይኖር ይሆናል። ማዳበሪያው በምን ተገዝቶ ይመጣል? የጤና ጣቢያው መድኃኒትስ? ላይና ታች ጋይንትን፣ ስማዳን የመሰለ፣ ብዙ ቤተሰብ በሴፍቲኔት ዓመቱን በሚገፋበት አገር፣ የትርፍ ድርሻ ያልከፈለ አክሲዮን ማለት በወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ሳይነቃነቅ የመግዛት አቅሙ የተሸረሸረ ገንዘብ ነው። ይህን ለባለገንዘቡ ቁጭ ብሎ ያስረዳ የትኛው አደራጅ ነው?

ሕዝቡ ገንዘቡን ያወጣው በቅን ልብ መሆኑን መካድ አይቻልም። አማራ ባንክ ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት ከ140 ሺህ በላይ ባለአክሲዮኖች ነበሩት። አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ከተባበረ ካፒታል መፍጠር እንደሚችል ያሳየ ቁጥር ነው፤ እኔም እኮራበታለሁ። ትችቴ በአንድ ባንክ ላይ አይደለም። በዚያው ሰሞን ባንክም፣ ሪል ስቴትም፣ ፋብሪካም «በምሥረታ ላይ» የሚል ባነር ይዞ አክሲዮን ይሸጥ ነበር። ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድግ፣ በምሥረታ ላይ ከነበሩት ባንክ ሳይሆኑ የቀሩ አሉ። በሪል ስቴት ዘርፍ ደግሞ አክሰስ ሪል ስቴት ከ2 ሺህ በላይ ቤት ገዢዎችን ለዓመታት እንዳንከራተተ አገር ያውቃል። ይህ ሁሉ እየታወቀ፣ ሻጮቹ አደጋውን ከተስፋው እኩል ተናግረዋል?

የተናገሩት ሌላ ነው። «የወገን ነው፣ የራሳችሁ ነው፣ ልጆቻችሁ ይቀጠሩበታል» ነው። መተማ ሰሊጥ አርሞ የተመለሰ ወጣት፣ ዓረብ አገር ያለች ልጁ የላከችለት አባት፣ ከደመወዙ በየወሩ የሚያስቆርጥ መምህር በዚህ ቃል ገዛ። ወገን መሆን የኦዲት ሪፖርትን ይተካል? ኩባንያው ቢከስር ወገንነቱ ዕዳውን ይከፍላል? ይህን የጠየቀ ሰው ለምን እንደ ከሃዲ ታየ?

አርብ ገበያ ከተማ ላይ አንድ አባት በፌስታል ጠቅልለው ያስቀመጡትን ወረቀት አሳይተውኝ ነበር። ሁለት የባንክ ደረሰኝ ነው። አንደኛው የአክሲዮን መግዣው፣ ሁለተኛው የአገልግሎት ክፍያ። እሳቸው ሁለቱንም አክሲዮን ነው ብለው ይዘዋል። የመጀመሪያው ገንዘብ በዝግ ሂሳብ የሚቀመጥ፣ ኩባንያው ሳይቋቋም ቢቀር ለባለቤቱ መመለስ ያለበት ነው። ሁለተኛው ለቢሮ ኪራይ፣ ለማስታወቂያና ለሻጮች አበል የሚውል ነው፤ አንዴ ከወጣ የለም። «ልጄ፣ ታዲያ ይኼን ልያዘው ወይስ ልተወው?» አሉኝ። ልጠይቃቸው የቻልኩት አንድ ነገር ነው፦ አባቴ፣ የፈረሙት በስንት አክሲዮን ነው፣ የከፈሉትስ ስንት? ከከፈሉት በላይ እንደፈረሙ አያውቁም ነበር። ያልተከፈለው ቀሪ ዕዳ መሆኑን፣ ኩባንያው ክፈሉ ባለ ጊዜ ካልተከፈለ አክሲዮኑ ለሌላ ሊሸጥ እንደሚችል ሲያስፈርሟቸው አልነገሯቸውም።

«ያዙት፣ ታገሱ» የሚሉ አሉ። ምክሩ ከመሠረቱ ስህተት አይደለም። አዲስ ባንክ በመጀመሪያ ዓመታቱ ቅርንጫፍ ይከፍታል፣ ሠራተኛ ይቀጥራል፣ ለቴክኖሎጂ ያወጣል፤ ትርፍ አለማከፋፈሉ ብቻውን የውድቀት ምልክት አይደለም። ነገር ግን ዘር ሆኖ ከመሬት የገባውን ገንዘብ በስብሶ ከቀረው በምን እንለየው? ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ኩባንያ 1 ቢሊዮን ብር የተከፈለ ካፒታል ኖሮት የተጠራቀመ ኪሳራው 200 ሚሊዮን ቢደርስ፣ ሌላ መጠባበቂያ ከሌለው፣ በሺህ ብር የተገዛው አክሲዮን በመዝገብ 800 ብር ሆኗል። በዓመቱ 600 ከሆነ ገንዘቡ እየነጠፈ ነው፤ ወደ 900 ከተመለሰ መታገሱ ያዋጣል። ያለዚህ ቁጥር «ታገሱ» ማለት ምን ማለት ነው? ቦርዱ ቁጥሩን እያወቀ ባለአክሲዮኑ ሳያውቅ ሁለቱ እኩል ታጋሽ ናቸው?

ቁጥሩ የሚነገረው በጠቅላላ ጉባኤ ነው ይባላል። ጉባኤው የት ነው? አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ፣ በትልልቅ አዳራሽ። ከእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ወይም ከስማዳዋ ወገዳ ተነስቶ ለመድረስ የትራንስፖርቱና የአልጋው ወጪ ብቻ የአንድ ዓመት የትርፍ ድርሻ ይበላል፤ እሱም ከተከፈለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህማ በአማራ ክልል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ፣ መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሟል። ጋዜጣ ላይ የወጣ የስብሰባ ጥሪ ለነዚህ ሰዎች እንደ ጥሪ ሊቆጠር ይገባል? ውክልናቸውን ሰብስቦ ድምፅ የሚሰጠውስ ለማን ጥቅም ነው የሚሰጠው?

በአዲሱ ገበያ ያልተመዘገበ አክሲዮን መሸጥ የፈለገውም ገዢ የሚፈልገው በራሱ እግር ነው። ደላላ ከተጻፈው ዋጋ በታች ይጠራለታል። ያ ዋጋ ትክክል ይሁን አይሁን የሚያመዛዝንበት ምንም የለውም፤ የቸገረው ሰው ይቀበላል።

አዲሱ ሕግ አንድ ነገር ቀይሯል። በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የተቋቋመው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን አክሲዮን ለሕዝብ ከመሸጡ በፊት አደጋውን ጭምር የሚዘረዝር ሰነድ አይቶ ያጸድቃል። ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. በ300 ብር አንድ አክሲዮን ሽያጭ ሲጀምር 100 ሚሊዮን አክሲዮን አቅርቦ ነበር፤ ሽያጩ የካቲት 7 ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ፣ አትራፊ ኩባንያ ላይ ሕዝቡ ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፣ ከወረቀት በቀር ምንም ያልነበራቸው ምሥረታዎች ላይ ያልተጠነቀቀው ለምንድን ነው? ያኔ ሰነዱን የሚያጸድቀው ባለሥልጣን አልነበረም፤ ከጎረቤት ቃል በላይ የሚያነበው ነገር አልነበረውም። ባለሥልጣኑ ለወደፊቱ ሽያጭ ብቻ ሳይሆን፣ ትናንት ለተሸጠውና ዛሬ ድምፁ ለጠፋው ምሥረታ ሁሉ ሒሳብ መጠየቅ አለበት።

አክሲዮን የያዛችሁ ወገኖች፣ ከሚቀጥለው ጉባኤ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፦ የተጠራቀመው ኪሳራ ስንት ነው፣ የአገልግሎት ክፍያው በምን ላይ ዋለ፣ ያልከፈልኩት ቀሪ አለብኝ ወይ? መልሱ ካልመጣ ተሰባስባችሁ በአንድ ተወካይ ለባለሥልጣኑ አመልክቱ። እናንተም አደራጆችና የቦርድ አባላት፣ አክሲዮን ለመሸጥ ወገዳ፣ ነፋስ መውጫና መካነ ኢየሱስ ድረስ መጥታችኋል። ኦዲት የተደረገውን ሒሳብ ይዛችሁ እዚያው ድረስ ኑ፤ በአማርኛ፣ በአደባባይ አንብቡላቸው።