ሜምብሬኑ በዶላር፣ ሐይቁ በነፃ

ስለ አዳዲስ የፍሳሽ ማጣሪያ ሜምብሬኖች ስትሰሙ ወሬው ያው ነው፤ ቀለም ያጣራል፣ ባክቴሪያ ይገድላል፣ ዘይት አያስጠጋም፣ ሁሉንም በአንዴ። አሪፍ ነው። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሲደፈን ማን ይከፍላል?

ሀዋሳን እንውሰድ። ሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት፣ ወደ ውጭ እንዳይለቅ ታስቦ ነው የተሠራው። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ኬሚካል እዚያው ይጠራቀማል። አሞራ ገደል ሄዶ ዓሣ የበላ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የእንዲህ ዓይነቱ ማጣሪያ ልብ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ሜምብሬን ነው። ውሃው በከባድ ግፊት ያልፋል፣ ጨውና ቀለሙ ይቀራል። ጣጣውን ጠላ ያጠለለ ሁሉ ያውቀዋል፤ አተላው ማጥለያውን ይደፍነዋል። ያኔ ፓምፑ ብዙ መብራት ይበላል፣ ሜምብሬኑ በኬሚካል ይታጠባል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ይቀየራል። ቅያሪው የሚመጣው ደግሞ ከውጭ ነው።

አንዱ 500 ዶላር ነው እንበል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት በባንክ ዋጋ 28,500 ብር ገደማ ነበር። ዶላር 120 ብር ሲገባ 60,000 ሆነ። በዚያ ላይ በ2014 አሜሪካ ከአጎዋ ስታስወጣን ፒቪኤች ከፓርኩ ወጣ። ፋብሪካ ሲቀንስ የማጣሪያው ቋሚ ወጪ አብሮ አይቀንስም፤ የቀሩት ላይ ይከብዳል።

እዚህ ጋ ነው ፈተናው። ሜምብሬን ብትቀይር ከኪስህ ነው፤ ፍሳሹን በሌሊት ብትለቀው የሚከፍለው ዓሣ አጥማጁ ነው። (ሀዋሳ ላይ እንዲህ ተደርጓል እያልኩ አይደለም፤ ሒሳቡ ወዴት እንደሚገፋ ነው የማወራው።)

ስለዚህ አዲሶቹን የምመዝናቸው በዚህ ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለባቸው ብርሃን ሲያገኙ የተለጠፈባቸውን ቀለም ያፈርሳሉ። ብር የተጨመረባቸው፣ ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ ባክቴሪያ እንዳይራባባቸው ይከላከላሉ። ላብራቶሪ ውስጥ 99 በመቶ ማጣራታቸው ብዙም አይገርመኝም። በስንት ወር አንዴ ይታጠባሉ? ስንት ዓመት ያገለግላሉ? ዩኒቨርሲቲዎቻችን ይሄን በእውነተኛው የፋብሪካ ፍሳሽ ቢፈትኑልን ይሻላል። ፓርኮቹም ከላኪዎቹ የዶላር ገቢ ላይ ለሜምብሬን መቀየሪያ ብቻ የሚውል ድርሻ አስቀድመው ይያዙ፤ ይሄ ደግሞ ኪራይ ውሉ ላይ ይጻፍ።