ስለ አውቶሞቢል ጣፋጭ ሽታ

አውቶሞቢል ሕመሙን ከሚገልጥባቸው ምልክቶች አንዱ ሽታ ነውና፥ ባለቤቱ ይህን ለነጂው ብቻ ሊተወው አይገባም። የቤንዚንን ሽታ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ስኳር ሲፈላ የሚሸተውን የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ሲመጣ፥ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ኩላንት የተባለው ፈሳሽ ሳያፈስ እንዳልቀረ መጠርጠር ያስፈልጋል። እኛ አስቀድሞ ልጆች የጣሉት ከረሜላ መስሎን ምንጣፉን ሁለት ጊዜ አሳጠብን።

ሽታው ከውስጥ ሆኖ የፊቱን መስተዋት ቅባት መሰል ጉም ከሸፈነው፥ ምንጣፉም ከረጠበ፥ የሚያፈሰው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ነው። ከኮፈኑ ሥር ከሆነ የጎማ ቱቦዎቹ መጋጠሚያ ይመርመር። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከማርሚታው ነጭና ጣፋጭ ጢስ የማያቋርጥ እንደ ሆነ ግን፥ ኩላንቱ የቴስታውን ጓርኒሲዮን አልፎ ወደ ሞተሩ ውስጥ ገብቷልና አውቶሞቢሉ ከዚያ ወዲያ አይነዳ።

ውሃ እየጨመሩ መንዳትም አያዋጣም። ፈሳሹ ግፊቱን ሲያጣ ፈጥኖ ይፈላል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ ሞተሩ ዘወትር ከሚሠራበት ሙቀት ብዙ አይርቅም። ክዳኑንም ሳይበርድ የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን በግቢ የፈሰሰው ነው። በብዙው ኩላንት ውስጥ ያለው ኤቲሊን ግላይኮል ጣዕሙ ጣፋጭ ነውና ሕፃናትና ውሾች ይቀምሱታል፤ መርዙም ኩላሊትን ያጠፋል። የቀመሰ ሕፃን ደኅና ቢመስልም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።