ጫማ በደጅ፣ ሕፃን በቤት

የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ያላቸው አንዲት እናት በዚህ ዓምድ መልስ እንድንሰጥበት አንድ ጥያቄ ልከውልናል። «ልጄን ጠዋት ጫማውን አድርጌለት ወደ መዋዕለ ሕፃናት እወስደዋለሁ፤ ሞግዚቶቹ ግን ከደጅ አስወልቀው ቀኑን ሙሉ በካልሲ ብቻ ያውሉታል። ማታ ስቀበለው እግሩ ቀዝቅዞ አገኘዋለሁ። እኔ በልጅነቴ ጫማ አጥቼ ያደግሁ ነኝና፣ ልጄ ጫማ እያለው ያለ ጫማ ሲሄድ ባየሁ ጊዜ ሆዴ ይባባል። ሥርዓቱ ተገቢ ነውን?» ይላሉ።

ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። እኛ ግን በልጆች መካከል ብዙ ዓመት የቆየን ስለ ሆንን፣ ትንሽ ነው ብለን አናልፈውም።

በመሠረቱ ጫማን ከደጅ ማውለቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እግዚአብሔር ሙሴን በዕፀ ጳጦስ አጠገብ ጫማውን እንዲያወልቅ ማዘዙ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 3 ቁጥር 5፣ ለኢያሱም በኢያሪኮ አጠገብ ይኸው ትእዛዝ መሰጠቱ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 5 ቁጥር 15 ተጽፎ ይገኛል። የቤተ ክርስቲያናችን ልጆችም ይህን ይዘው ወደ ቤተ መቅደስ ሲገቡ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ሕፃንም ይህን ሥርዓት የሚማረው ማንም ሳይነግረው፣ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ሳለ በማየት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ጫማቸው ከሌላ ሰው ጫማ ጋር ተለዋውጦባቸው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ምእመናን መኖራቸውን እናውቃለን፤ ይህ ግን የሥርዓቱ ጉድለት አይደለም።

ዳሩ ግን የቤተ ክርስቲያኑ ምክንያት ቅድስና ሲሆን፣ የመዋዕለ ሕፃናቱ ምክንያት ንጽሕናና ጤና ነው። ሁለቱን መቀላቀል ስሕተት ላይ ይጥላል፤ እኛንም አንድ ጊዜ ጥሎናል፤ ወደ ኋላ እንናገረዋለን።

ለትልቅ ሰው ወለል መርገጫ ነው። ለሕፃን ግን ወለሉ መቀመጫው፣ መጫወቻው፣ የቀትር መኝታው፣ አንዳንድ ጊዜም ማዕዱ ነው። የወደቀውን ቆሎ አንሥቶ ይበላል፤ መዳፉን ወለል ላይ አሳርፎ ወዲያው ጣቱን ወደ አፉ ይወስዳል። በመንገድ ላይ የውሻና የከብት እዳሪ፣ ምራቅና የመኪና ዘይት የረገጠ ጫማ፣ የረገጠውን ሁሉ ይዞ ወደዚያ ወለል ይገባል። የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ሳይሞት ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ ወደ ሰው ሆድ የሚገባውም በአፍ በኩል ነው። እንግዲህ ሞግዚቶቹ የውጭውን ጫማ ከደጅ ማስወለቃቸው ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ለእግሩም ቢሆን ዕረፍት ይጠቅመዋል። በአንድ እግር ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ፤ በሕፃንነት ጊዜ ግን ብዙው ክፍላቸው ገና ያልጠነከረ ሲሆን፣ ጨርሰው የሚጠነክሩት ልጁ ወደ 18 ዓመት ገደማ ሲጠጋ ነው። ስለዚህ የጠበበ ጫማ ሕፃኑን ብዙም ሳያሳምመው ጣቶቹን ሊያጣምም ይችላል። መራመድ የሚማር ልጅም በባዶ እግሩ ወለሉን እየቆነጠጠ ሚዛኑን ይለምዳል እንጂ ደረቅ ሶል አይረዳውም።

የሞግዚቶቹ ጉድለት ጫማውን አስወልቀው በምትኩ ምንም አለመስጠታቸው ነው። ካልሲ ብቻውን ጫማ አይሆንም። ሰም በተቀባ ጣውላ ወይም በሊሾ ወለል ላይ ካልሲ ያደረገ ሕፃን ሲሮጥ ያየ ሰው፣ ከንፈሩ የሚሰነጠቅበትን ጊዜ ብቻ ይጠብቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት የደጋው ሲሚንቶ እንዴት እንደሚቀዘቅዝም ሁላችን እናውቀዋለን። ከዚህም ሌላ መጸዳጃ ቤት አለ፤ በካልሲው ገብቶ እርጥቡን ወለል ረግጦ የሚመለስ ሕፃን ከደጅ የቀረውን እድፍ በጓሮ ያስገባዋል። እሳትም ሆነ ሌላ አደጋ ቢነሣና ልጆቹ በድንገት ወደ ውጭ ቢወጡ፣ 30 ሕፃናት በካልሲ ጠጠር ላይ ይቆማሉ።

አሁን ስሕተታችንን እንናገር። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት የትንንሾቹ ክፍል ኀላፊነት ተሰጥቶን ነበር። እኛም ከድቁናችን የያዝነውን ልማድ ተከትለን፣ ማንም ልጅ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ክፍል እንዳይገባ አዘዝን። አንድ ልጅ እምቢ አለ። ብንመክረውም፣ ብንቈጣውም ጫማውን በሁለት እጁ ይዞ ዝም አለ። እልከኛ ነው ብለን ፈርደን፣ ሌሎቹ ሲዘምሩ እርሱ ከደጅ እንዲቆይ አደረግን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሞግዚቷ አጠገቡ ተቀምጣ በቀስታ ስታወልቅለት፣ ካልሲው ተረከዝም ጣትም የሌለው፣ ከቍርጭምጭሚቱ ላይ ብቻ የቀረ ሆኖ ተገኘ። ልጁ የፈራው ትእዛዛችንን አልነበረም፤ የጓደኞቹን ዓይን ነበር። ያን ቀን ከማስተማሪያ ጠረጴዛችን ሆነን ወደ በሩ ለማየት አፈርን።

ወዲያው ጠቅላላ ትእዛዙን መሻር አሰብን፤ ሞግዚቷ ግን፣ «መምህር፣ ሥርዓቱ ደግ ነው፤ ጫማው ነው የጐደለው» አለችን። እናቶችን ሰብስባ አነጋገረች። ከአሮጌ ጋቢና ብርድ ልብስ ተቈርጦ፣ ከሥሩ ከተጣለ ቦርሳ የወጣ ቆዳ እየተሰፋበት፣ ከላዩ ላስቲክ እየገባበት ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት የቤት ጫማ ተሠራ። ቆዳው ሻካራ ፊቱ ወደ ወለል እንዲሆን ተደርጎ ስለ ተሰፋ አያንሸራትትም ነበር። የሀብታሙም የድኻውም ልጅ አንድ ዓይነት ስላደረገ፣ የማን ካልሲ ምን እንደሚመስል የሚያይ ጠፋ። ያም ልጅ ከሁሉ ቀድሞ ጫማውን የሚያወልቅ ሆነ።

በኋላ እንደ ተረዳነው፣ በጃፓን አገር ይህ የቆየ ልማድ ኖሯል። የዚያ አገር ልጆች በመዋዕለ ሕፃናትም ሆነ በትምህርት ቤት በር የውጭ ጫማቸውን በመደርደሪያ አስቀምጠው፣ «ኡዋባኪ» የሚባል ለስላሳ የቤት ጫማ ያደርጋሉ፤ በሳምንቱ መጨረሻም ወደ ቤታቸው ወስደው ያጥቡታል። ሞግዚታችን ጃፓንን በስም እንኳ የምታውቅ አይመስለንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናስጠነቅቅ አናልፍም። ከቤት ውስጥ ጫማ ይወለቅ ማለት ውጭ በባዶ እግር ይሮጥ ማለት አይደለም። ሙጃሌን የማያውቅ የለም። ሁክ ዎርም የሚባለውም የአንጀት ትል ከአፈር ተነሥቶ የእግርን ቆዳ በስቶ ይገባል። ከዚህም የሚከፋው በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት ነው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ሕዝባችን ዝሆኔ ብሎ ከሌላው ጋር በአንድ ስም ቢጠራውም ይህኛው በትንኝ አይመጣም። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ሠርተው ምክንያቱን ከአፈሩ ጋር አያይዘው ጽፈዋል። መከላከያውም ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ወደ ግቢው ለጨዋታ በወጣ ቁጥር፣ ሞግዚቷ ቢሰለቻትም፣ የውጭ ጫማው ይደረግለት።

እንግዲህ ለጠየቁን እናት የምንለው ይህ ነው። ከሞግዚቶቹ ጋር አይጣሉ። በልጅዎ እግር ልክ፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ውፍረት ያህል ቦታ የሚተርፈው፣ ሶሉ ለስላሳና የማያንሸራትት የቤት ጫማ ገዝተው ወይም ሰፍተው፣ ስሙን ጽፈውበት ይላኩለት። ዓርብ ዓርብ ወስደው ይጠቡት፤ የሕፃን እግር ቶሎ ያድጋልና በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ልኩን ይመልከቱ። ከቻሉም አንድ ተጨማሪ ሰፍተው፣ የማን እንደ ሆነ ሳይናገሩ፣ ለሞግዚቷ ይስጧት። ለመጸዳጃ ቤቱ ደግሞ ከበሩ ላይ ነጠላ ጫማ እንዲቀመጥ ይጠይቁ። እኛም አስቀምጠን ነበር፤ ነገር ግን በቆየንበት ዘመን ሁሉ ግራውና ቀኙ በአንድ ስፍራ ተገኝተው አያውቁም።